ሁለት እድር

የእናቴን ለቅሶ ያበላሸሁት በኤክሴል ነው።

ኤክሴል ያስተማረኝ ሰው የለም። ከአሥረኛ ክፍል በኋላ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ስክሪኑ ጥጉ ላይ የተሰነጠቀ አሮጌ ላፕቶፕ ገዝቼ፣ እያበላሸሁ እያስተካከልኩ ለብቻዬ ለመድኩት። ሆሳዕና ሳለን ዲግሪያቸውን ግድግዳ ላይ የሰቀሉ የቢሮ ሰዎች ፍላሻቸውን አንጠልጥለው ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቴ ይመጡ ነበር። "ማኅሌት፣ ይቺ ድምር እምቢ አለችኝ፣ እስኪ እያት" ይሉኛል። አይቼ አስተካክዬ ሃምሳ ብሬን እቀበላለሁ። አንዳንዴ "ዲግሪው ስንት ዓመት ፈጀብዎት?" ብዬ እጠይቃለሁ። የሚስቅም የሚኮሳተርም ነበረ። ሁለቱም ተመልሰው ይመጣሉ።

ከእናቴ ከፋንታዬ ጋር የምንኖረው መልካሙ የሚባል ሰው ግቢ ውስጥ ነበር። መልካሙ ጆሃንስበርግ ነው። በላከው ገንዘብ ፎቅ ቤት አሠርቶ፣ መስታወቱን ሰማያዊ አድርጎ፣ ቆልፎ ተወው። እኛ ከኋላ ካሉት ሰርቪስ ክፍሎች ሁለቱን ተከራይተን አሥራ አራት ዓመት ግቢውን ጠረግንለት። አባቴ ወልደ ሰንበት ከመንዝ መጥቶ እዚህ በጸሐፊነት የኖረ ሰው ነበር፤ የሞተውም ከሁለቱ ክፍሎች በአንዱ ውስጥ ነው። ከተማችን የክልል መቀመጫ ስትሆን ሠራተኛው ከየአቅጣጫው ጎረፈና ቤት ጠፋ። አንድ የነሐሴ ቀን መልካሙ በኢሞ ድምፅ ላከ።

"እትዬ ፋንታዬ፣ እንደ እናቴ ነው የማይዎት። ግን የሰፈሩን ዋጋ ያውቁታል። ከጥቅምት ጀምሮ ስምንት ሺህ ነው።"

እስከዚያ የምንከፍለው ሦስት ሺህ ነበር። እናቴ ስልኩን የሚሰበር ዕቃ እንደያዘች ሁሉ ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠችው።

"እንደ እናቱ ነው የሚያየኝ አለ" አለች።

"እናቱን ስንት እንደሚያስከፍላት ጠይቂው።"

አልሳቀችም። ከአባቴ ጡረታ የሚደርሳት የዚያን ሩብ አይሞላም፤ የእኔ ገቢ ደግሞ መብራት በሄደ ቁጥር አብሮ የሚሄድ ነው። እናቴ ይህን ከእኔ በላይ ታውቃለች። "የትም ይሁን፣ አንቺ ያልሽው" ብላ ምስር መልቀም ጀመረች።

በዚያው ቀን ላፕቶፔን ከፈትኩና ሁለት ዓምድ ሠራሁ። አንዱ ላይ ሆሳዕና፣ ሌላው ላይ ዱራሜ ብዬ ጻፍኩ። ዱራሜን ያመጣቻት አንዲት ደንበኛዬ ናት፤ ወደዚያ ተዛውራ "በግማሽ ዋጋ ነው የምኖረው" ብላኝ ነበር። እኔ የሰው ወሬ አልገዛም። ሐሙስ ሱቄን ዘግቼ በአንጋጫ በኩል በሚያልፈው ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

መናኸሪያው ላይ የጠበቀኝ ደላላ ቲቶ ይባላል። በዚያ ሁሉ ጭቃ መሐል ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰው ነው።

"ሁለት ክፍል ከነኩሽናው፣ ሦስት ሺህ" አለኝ። "አከራይዋ ገነቴ ትባላለች፣ ሰላማዊ ሴት ናት። ውሃ አለ፣ መብራት አለ።"

"መብራት አለ ስትል ምሰሶው ነው ያለው ወይስ መብራቱ?"

"ሆሳዕናዎች" አለ። "ከዚያ የሚመጣ ሁሉ እንደ መርማሪ ፖሊስ ነው።"

ቤቱን አየሁ። ንጹሕ ነው፤ ደጁ ላይ ሁለት የእንሰት ተክልና አንድ የአቮካዶ ዛፍ አለ። ከዚያ ገበያውን ዞርኩ። ቆጮውን፣ ከሰሉን፣ ዘይቱን፣ የጄሪካን ውሃውን፣ እያንዳንዱን ሦስት ቦታ ጠየቅሁ። አንዲት ቆጮ ሻጭ ስልኬ ላይ ስጽፍ አየችኝና "ልትገዢ ነው ልትመዘግቢ?" አለችኝ።

"ልመዘግብ ነው።"

"እንግዲያው ውድ ነው ብለሽ ጻፊ፤ የሚያዝንልን ካለ ይዘንልን።"

ከቢሮዎቹ በር ላይ ያሉትን ፎቶ ኮፒ ቤቶችም ቆጠርኩ። ሦስት ብቻ ናቸው፤ የአንደኛው ጽሑፍ በስህተት የተሞላ ነው። ደስ አለኝ። ማመልከቻ የሚጻፍበት ከተማ ውስጥ እኔ አልራብም።

ልመለስ ስል አንድ ባዶ መስመር ስልኬ ላይ አየሁ። "እድር ስንት ነው?" አልኩት ቲቶን።

"በወር አርባ።"

የሆሳዕናው ሃምሳ ነው። አርባ ብዬ ጻፍኩና ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። የዘይት ዋጋ ሦስት ሱቅ የጠየቅሁ ሰው፣ እድርን አንድ ደላላ ጠይቄ አለፍኩ።

ቤት ስደርስ ለእናቴ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። ሃያ ሁለት መስመር ነበር። ዱራሜ የረከሰበትን በአረንጓዴ፣ ሆሳዕና የረከሰበትን በቀይ ቀብቼዋለሁ። ዱራሜ ከላይ እስከ ታች የለመለመ ማሳ መስላ ነበር። መነጽሯን አድርጋ፣ ጣቷን ስክሪኑ ላይ እየጎተተች፣ ስለ ዘይቱም ስለ ከሰሉም ምንም ሳትል መጨረሻው መስመር ላይ ቆመች።

"የእድሩ አርባ ነው?"

"በአሥር ብር ይረክሳል። እዚያ መሞት ያዋጣል።"

"መዋጮውን አይደለም የምጠይቅሽ" አለች። "ሰዎቹ እንዴት ናቸው?"

ለሰዎቹ ዓምድ አልነበረኝም።

እናቴ በአንገቷ ክር ላይ ከመስቀሏ ጎን ቁልፍ ታንጠለጥል ነበር። የሰፈራችን እድር ዕቃ ቤት ቁልፍ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት አባል ሆናለች፤ አሥራ ሰባቱን ዓመት የዕቃው ኃላፊ እሷ ነበረች። ትልልቆቹን ድስቶች፣ ድንኳኖቹን፣ አግዳሚ ወንበሮቹን፣ የሻይ በራዶቹን የምታወጣውም የምታስገባውም፣ ሲመለሱ በአመድ የምታሻቸውም እሷ ናት። እድሩ ውስጥ ኦርቶዶክስም ጴንጤም ሙስሊምም አለ፤ ድስቶቹን ግን በሃይማኖት አትለያቸውም፣ በጠባሳቸው ነው የምታውቃቸው። ለቅሶ ቤት ስትገባ ማንም አያዛትም፤ በሀዲይኛ እያዘዘች፣ በሀዲይኛ እየተቆጣች፣ ሦስት ቀን ሙሉ የጓዳው አዛዥ ትሆናለች። እኔ "የድስት ሚኒስትሯ" ነበር የምላት። "ሳቂ፣ የኔም ቀን ይመጣል፣ ያን ጊዜ ታያለሽ" ትለኛለች። ከዚህ ዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ እንደነበር አሁን ይገባኛል፤ አባቴ ጎን መቀበርና እነዚያ ድስቶች ለእሷ መውጣታቸው። ሠርታ ያጠራቀመችው ሀብት እሱ ብቻ ነበር።

የእድሩን መተዳደሪያ ደንብ በኮምፒውተር የጻፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ሊቀመንበሩ ጋሽ ጠና በእጁ የጻፈውን ይዞልኝ መጣ። አንዱ አንቀጽ "ከእድሩ የወጣ ሰው ችግር ቢደርስበት ነገሩ ታይቶ ይወሰናል" ይላል።

"ጋሽ ጠና፣ ታይቶ ይወሰናል ምን ማለት ነው?" አልኩት። "ይሄ በር ከፍቶ መተኛት ነው። ዘመድ ያለው ይገባል፣ የሌለው ይቀራል።"

"አንቺ ብትሆኚ እንዴት ትጽፊዋለሽ?"

እንዲህ ብዬ ጻፍኩት። "በጽሑፍ ጠይቆ ስሙን ያሰረዘ አባል፣ እሱም ሆነ ቤተሰቡ፣ ከተሰረዘበት ቀን ጀምሮ ከእድሩ ማናቸውንም አገልግሎት አያገኝም፤ ኮሚቴውም ይህን የመለወጥ ሥልጣን የለውም።" የመጨረሻዋ ሐረግ የራሴ ናት። ጠቅላላ ጉባኤው ላይ ሲነበብ ተጨበጨበ። ጋሽ ጠና "ይቺ ልጅ ሕግ አልተማረችም አሉ፤ ሕጉ ከእሷ ይማር" አለ። ያን ቀን አንድ ክንድ ረዝሜ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ደንቡ መጀመሪያ የነካው መምህር አቤሴሎምን ነበር። ወደ ጃጁራ ተዛውሮ ስሙን አሰርዞ ሄደ፤ በዓመቱ ሚስቱ ሞተችና አስከሬኗን ወደ ሆሳዕና አመጣ። ኮሚቴው አንቀጹን አውጥቶ አነበበለት። እናቴ ቁልፉ አንገቷ ላይ እያለ ዕቃ ቤቱን አልከፈተችም። ቤት ገብታ የራሳችንን ትልቅ ድስት ተሸክማ ሄደች፤ ሌሎቹም ሴቶች እሷን አይተው የየቤታቸውን ተሸከሙ። ማታ ስትመለስ "አንቀጽሽ ከባድ ነው" አለችኝ። "ድስቱ ነው የከበደሽ" አልኳት።

መስቀልን እዚሁ እንዋል ብላ ስለለመነችኝ ጉዟችን ለመስከረም መጨረሻ ሆነ። የመጨረሻው እሑድ የእድር ስብሰባ ላይ የስም ማሰረዣ ደብዳቤውን ይዤ ተነሳሁ። ማርጂኑን አስተካክዬ፣ በወፍራም ርእስ ያተምኩት ነው። ጋሽ ጠና አነበበውና ማኅተሙን ሳያወጣ ቀና ብሎ አየኝ።

"ማኅሌት፣ ስማቸው ይቆይ። አዲስ አበባ ሆነው በስልክ የሚልኩ አሉን። በወር ሃምሳ ብር ምን አላት?"

"እዚያም ልንከፍል ነው፣ ጋሽ ጠና።"

"እዚያም ይከፈል፣ እዚህም ይከፈል።"

"ሁለት እድር የሚከፍለው ሁለት ጊዜ የሚሞት ሰው ነው።"

ከኋላ የሳቁ ነበሩ። እናቴ የነጠላዋን ጥለት እያየች ነበር።

"እሺ፣ እስክትደላደሉ እንኳ" አለ ጋሽ ጠና። "ሦስት ወር። እኔ ከኪሴ እከፍላለሁ።"

ከኪሱ ማለቱ ነው ያናደደኝ። ለማኝ አይደለንም። "'እስክትደላደሉ' የሚል ቃል ደንቡ ላይ የለም" አልኩት። "እኔ ነኝ የጻፍኩት።"

"እትዬ ፋንታዬ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?"

እናቴ ቀና አለች። ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። እኔን አየችኝ፤ እኔም አየኋት፤ አስተያየቴ ምን ይመስል እንደነበር አሁን ሳስበው እፈራለሁ። "እሷ ያሰላችው ነው" አለች።

ጋሽ ጠና ማኅተሙን መታ።

የዕቃ ርክክቡ ከሰዓት ተደረገ። ተረካቢዋ ጎረቤታችን አስካለች ናት። እናቴ ወረቀት ሳታይ እየጠራች አስረከበቻት። "ይሄ ጆሮው በሽቦ የታሰረው፣ ለንፍሮ ብቻ ነው፤ ወጥ ከሥሩ ይይዝበታል። ይሄ ዘንበል ይላል፣ ከሥሩ ድንጋይ አድርጊለት። ያቺን ትንሿን ድንኳን እርጥብ ሆና እንዳታጣጥፊያት።" ሲያልቅ ክሩን ከአንገቷ አወለቀች። ቁልፉን ለመፍታት ጣቷ እምቢ ስላላት በጥርሷ ፈታችው። ቁልፉ ደረቷ ላይ ትንሽ ጥቁር ምልክት ትቶ ነበር።

ያን ቀን ላፕቶፑ ላይ ከእድሩ አረንጓዴ መስመር ጎን "ተጠናቀቀ" ብዬ ጻፍኩ።

ዱራሜ በገባን በሁለተኛው ሳምንት አከራያችን ገነቴ የእድሩን ጸሐፊ ቤት አሳየችኝ። ጸሐፊው ትሑት ሰው ነው። "መመዝገቢያ ሁለት ሺህ፣ መዋጮ በወር አርባ፣ አገልግሎቱ ከስድስት ወር በኋላ ይጀምራል" አለኝ። ቅጹን አቀረበልኝ። የአባል ስም፣ ማኅሌት ወልደ ሰንበት። የቤተሰብ ብዛት፣ 2።

"ስድስት ወር ለምንድነው?" አልኩት።

"ሰው ታሞ ሲመዘገብብን ጊዜ ነው፣ እህቴ። የእናንተ እድርስ እንደዚህ አይልም?"

ይላል። አንቀጽ አራት። እሱንም እኔ ነኝ የጻፍኩት። ከውጭ የሚገባውን ለመከልከል ስጽፈው፣ አንድ ቀን ከውጭ የምገባው እኔ እሆናለሁ ብዬ አላሰብኩም።

ቤት ስገባ እናቴ "ምን አሉ?" አለችኝ።

"ገብተናል" አልኳት።

በኅዳር ከኛ ሦስት ቤት ወረድ ብሎ አንድ ሽማግሌ ሞቱ። እናቴ ጥቁር ለብሳ፣ ሽርጧን አጣጥፋ በብብቷ ይዛ፣ ሳታድር ሳትውል ሄደች። ፊቷ ላይ ከመጣን ወዲህ ያላየሁት ነገር ነበር፤ ሥራ ያገኘ ሰው ፊት። ከሰዓት በፊት ተመለሰች። ሽርጡ እንደታጠፈ ነው።

"ምነው ቶሎ መጣሽ?"

"ቁጭ በሉ አሉኝ።"

"ታዲያ ቁጭ አትዪም?"

"ድስት ላነሳ ስል ከእጄ ወሰዱት። በአክብሮት ነው ደግሞ፤ ባይሆን ይሻል ነበር። 'እንግዳ ኖት፣ እናታችን' አሉኝ።" ሽርጡን አልጋው ላይ አስቀመጠችው። "በከምባትኛ ይሳሳቃሉ። የምን ሳቅ እንደሆነ ሳላውቅ አብሬ ሳቅሁ። አንዷ መቼ እንደገባን ጠየቀችኝና ወሩን ነገርኳት። 'እንግዲያው ገና አምስት ወር ይቀራችኋል' አለች።"

ሽርጡን አንስቼ ሚስማሩ ላይ ሰቀልኩት።

"ገብተናል ብለሽኝ ነበር።"

"ከፍለናል ማለቴ ነው።"

"እ" አለች። ብቻ "እ" ነው ያለችው። ብትቆጣኝ መልስ ነበረኝ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ቀልድ አደረገችው። ግድግዳው ላይ ካለው የቀን መቁጠሪያ የመጋቢትን መጨረሻ በእስክሪብቶ ከበበችና "እስከዚያ አልሞትም፣ አደራ አለብኝ" ትል ጀመር። እኔም ባለመሸነፍ "እንዳትደፍሪ፣ ሁለት ሺህ ብሬ ይበላል" እላት ነበር። እንስቃለን። ቤቱ ርካሽ ነበር፤ ቆጮው ርካሽ ነበር። ሥራዬ እየሰመረ ነበር፤ ያ በስህተት የተሞላው ፎቶ ኮፒ ቤት ደንበኞቹን አጥቶ ሊዘጋ ደርሶ ነበር። ስሌቴ በሃያ አንድ መስመር ትክክል ነበር።

እናቴ ግን እየቀነሰች ነበር። ሆሳዕና እያለች ቀኗን ሙሉ የሚጠራት ሰው ነበረ። እዚህ የሚጠራት እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም ሱቅ ነኝ። አንዳንድ ቀን ከሰዓት ስመለስ የራሳችንን ሁለት ድስት በአመድ አሽታ፣ ደጅ ላይ ደፍታ፣ አጠገባቸው ተቀምጣ አገኛታለሁ።

የካቲት ላይ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ወደ ሱቅ ልወጣ ስል፣ ብርድ ልብስ ገመድ ላይ እያሰጣች ነበር። ደም ግፊት አለባት፣ ክኒኗን ግን ውጣ ነበር። ብርድ ልብሱ ገመዱ ላይ ቀረ፤ እሷ ከሥሩ ተቀመጠች። የተቀመጠች ነው የመሰለኝ። "እዚያ ጭቃ ላይ?" ብዬ ጮክ ብዬ ተናግሬያታለሁ። ለእናቴ የተናገርኩት የመጨረሻ ቃል እሱ ነው። ገነቴ ባጃጅ ጠራችልኝ። ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ አርፋ ነበር።

ገነቴ እጄን ይዛ "እዚሁ እንቅበራቸው" አለችኝ። "እድሩ ባይደርስ ጎረቤት አለ። እኔ አለሁ።"

"አባቴ ጎን ነው" አልኳት። ሌላ ልሰጣት የምችለው ነገር አልነበረኝም።

አስከሬኑን የሚወስደው መኪና እስኪመጣ ደጅ ቆሜ ለጋሽ ጠና ደወልኩ። ነገርኩት።

"እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጄ" አለ። ከዚያም "ስማቸው የለም" አለ።

"አውቃለሁ።"

"ኮሚቴውን አሁን እሰበስባለሁ። ግን የአቤሴሎም ነገር አለ። እሱን ከልክለን ለእትዬ ፋንታዬ ብንከፍት፣ አቤሴሎም ነገ መጥቶ ምን ይለኛል? ሥልጣን የለውም ይላል አንቀጹ።"

"ይላል።"

"እንደ እድር አንመጣም። እንደ ሰው እንመጣለን።"

"አልለምንም፣ ጋሽ ጠና።"

"አውቃለሁ አትለምኚም" አለ። ድምፁ ውስጥ ወቀሳ አልነበረም፤ ድካም ብቻ ነበር።

ሆሳዕና ቤት አልነበረንም። የመልካሙ ክፍሎች ሌላ ሰው ገብቶባቸዋል። አስካለች ግቢዋን ሰጠችኝ። ድንኳን ግን ያስፈልጋል፤ ዝናብ ዝናብ ይል ነበር። ከተማው ውስጥ ድንኳን የሚያከራዩት ሠርግ የሚያስጌጡት ናቸው። አንዱ ጋ ሄድኩ። ነጭ ነው፣ ጠርዙ ወርቃማ ሪባን ነው፣ ምሰሶዎቹ ላይ የፕላስቲክ ጽጌረዳ ተጠምጥሟል። "ጥቁር ወይም ሰማያዊ የለህም?" አልኩት ባለቤቱን። "ለለቅሶ ማን ይከራየናል፣ እህቴ? ለለቅሶ እድር አለ" አለ። ዋጋውን ሳልከራከር ከፈልኩ። ሳልከራከር የከፈልኩት በሕይወቴ እሱን ብቻ ነው።

ከቀብር ስንመለስ ድንኳኑ ተተክሎ ነበር። ሁለት ሴቶች ወንበር ላይ ቆመው አበባውን እየነቀሉ ነው። ሁሉም አልነቀል ስላለ፣ ከፍ ያሉት ምሰሶዎች ላይ ያሉት ቀሩ። እናቴ ሦስት ቀን የተለቀሰላት ከጽጌረዳ ሥር ነው።

አስካለች ከቤቷ ትልቁን ድስቷን ተሸክማ ስትወጣ ፊት ለፊት ተገናኘን። ቁልፉ አንገቷ ላይ ነበር፤ ነጠላዋን ልትከናነብበት ሞከረች።

"አደራ፣ ማኅሌት፣ ክፈቺ እንዳትዪኝ" አለች።

"አልልሽም።"

"ብትዪኝ እከፍታለሁ፤ ከዚያ እባረራለሁ።"

"አልልሽም አልኩሽ።"

ሌሎቹም ሴቶች የየቤታቸውን ድስት ተሸክመው መጡ፤ የተለያየ መጠን፣ የተለያየ ቀለም፣ አንዱ ላይ የልጅ ስም በጥፍር ቀለም የተጻፈበት። ለምን እንዳደረጉት አውቃለሁ፤ ከማን እንዳዩትም አውቃለሁ። ግን እናቴ የሠራችላቸው ለቅሶዎች ላይ የመጣውን ሕዝብም አውቃለሁ። እድር ሲጠራ ጸሐፊው ስም ይይዛል፣ የቀረ ይቀጣል፤ ስለዚህ ግቢ ይሞላል። የኛ ላይ ስም የሚይዝ አልነበረም። በመጀመሪያው ቀን ብዙ ሰው መጣ፣ በሁለተኛው ቀነሰ፣ በሦስተኛው ከሰዓት ቆጠርኩ፤ አሥራ ዘጠኝ ሰው ነበር። ከግቢው አጥር ባሻገር የእድሩ ዕቃ ቤት ቆርቆሮ ክዳን ይታያል። አሥራ ሰባት ዓመት ያሸቻቸው ድስቶች እዚያ በረድፍ ተደፍተው ተቆልፎባቸዋል።

ጋሽ ጠና ሦስቱንም ቀን መጣ። በመጨረሻው ቀን ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አጠገቤ ተቀመጠ።

"ለሚቀጥለው ጉባኤ ማሻሻያ ላቀርብ ነው" አለኝ። "'ታይቶ ይወሰናል' የምትለዋን ልንመልሳት። ትጽፊልናለሽ?"

"እጽፋለሁ።" ከዚያ "ለእሷ አይደርስም" አልኩ።

"አይደርስም።"

ዝናቡ ድንኳኑ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። "እኔን መዝግቡኝ" አልኩት። "ከመጀመሪያው፣ እንደ አዲስ አባል።"

ሁለት ጊዜ ስለሚሞት ሰው ያልኩትን ሊያስታውሰኝ ይችል ነበር። እኔ እሱን ብሆን አስታውስ ነበር። "መመዝገቢያ አለው" አለ ዝቅ ብሎ፣ "ስድስት ወሩም አለ።"

"አውቃለሁ። እኔ ነኝ የጻፍኩት።"

ወደ ዱራሜ ተመለስኩ። ኪራዩ እስከ መስከረም ተከፍሏል፤ ማሽኖቼም እዚያው ናቸው። ብርድ ልብሱን ገነቴ አጣጥፋ አስቀምጣልኛለች። የቀን መቁጠሪያውን አላወረድኩትም።

ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ የዱራሜው እድር ጸሐፊ በእጁ የጻፈውን ዝርዝር ይዞ ወደ ሱቄ መጣ። የመጠበቂያ ጊዜያቸውን የጨረሱ አዳዲስ አባላት ስም ነው፤ በኮምፒውተር እንድጽፍለት። አሥራ አንድ ሰው ናቸው። ሰባተኛዋ እኔ ነኝ። የቤተሰብ ብዛት፣ 2።

እጄ መቆሙን አይቶ ከትከሻዬ በላይ አጎንብሶ አየ። "ይቅርታ" አለ፤ ከልቡ ነው። "ሳላስተካክለው ነው ያመጣሁት።"

"መዋጮው ይቀንሳል?"

"አይቀንስም። ለአንድም ለሁለትም አርባ ነው።"

ሁለቷን አጠፋሁና 1 ብዬ ጻፍኩ። "ሌላ የሚስተካከል አለ?" አለኝ። የለም አልኩት። ሦስት ኮፒ አትሜ፣ ጠርዛቸውን አስተካክዬ፣ ሰጠሁት።

ሲወጣ ስልኬን አንስቼ የሆሳዕናውን እድር ሃምሳ ብር ላክሁ።